እሱ ያለውና እኔ ያልኩት

ቡሪየን፣ ሲያትል
ማርች 2 ቀን 1986

እህቴ ወርቅዬ፣

ከሰላምታዬ በፊት ይቅርታዬ ይቅደም። ሁለት ደብዳቤ ልከሽ መልስ ማጣትሽ ልክ አይደለም፤ "ምን ዋጠሽ?" ማለትሽም ያንስብኛል። የዋጠኝ ደስታ ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያንን የአራት ፎቅ ደረጃ አሁንም በእግርሽ ነው የምትወጪው? የምትጦሪያት ሲኞራሽስ ተሻላት? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ዘመድኩን እዚያው ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ ነው። እኔም ለአውሮፕላን የሚጫነውን ምግብ ትሪ ላይ እደረድራለሁ። ዝናቡም እንደ ልማዱ ነው።

ስለ ጳውሎስ ለጠየቅሽኝ፣ ልጅሽ ደህና ብቻ አይደለም። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ኅብረታችን እሑድ ከሰዓት የፈረንጆቹን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተከራይቶ እንደሚሰበሰብ ነግሬሻለሁ። ሰው በየተራ እየወጣ ጌታ ያደረገለትን ይመሰክራል። በገና ሰሞን የአበዛሽ ልጅ ሰለሞን ወጥቶ ከዊስኪ እንዴት እንደተፈታ ሲናገር ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ጥሩ፣ ክብር ለጌታ። አበዛሽ ግን ከዚያ ወዲህ የፊተኛውን ወንበር የአባቷ ርስት አደረገችው። "የኔ ልጅ ከእሳት የተነጠቀ ነው" እያለች አጠገቤ ስታልፍ የሻርፗ ጫፍ ፊቴን ይጠርገኛል። የኛው ልጅ ምን ይመስክር? ከትምህርት ቤት ኤ፣ ከዩኒቨርሲቲ ኤ፣ ከዚያ የአውሮፕላን ፋብሪካ መሐንዲስ። ከምን ተፈታ ይባላል? ቅናት ነው ካልሽኝ፣ አዎ ቅናት ነው። ጸልዬበታለሁ፣ አልወጣልኝም።

ታዲያ ባለፈው እሑድ ሳይነግረኝ ራሱ እጁን አወጣ። እንደምታውቂው በስድስት ዓመቱ ይዤው ስመጣ፣ ዘመድኩን "እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት፣ ትምህርቱ ይጎዳል" ብሎ ስለከለከለን አማርኛው "ብላ" እና "ተኛ" ላይ ቀርቷል። ሶ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እኔ ከጎኑ ቆሜ ለጉባኤው በአማርኛ አስተረጉማለሁ። አብዛኛው ሰው በሱዳን በኩል ገና የመጣ ስለሆነ የሚሰማው እኔን ነው። ተማሪ ሳለ ሐሺሽ ያጨስ እንደነበር፣ ጌታ እንዳስተወው መሰከረ። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያ ጭስ ባርነት፣ ያለሱ እንቅልፍ አልባ፣ የወለደችውን የእናቱን ስም እስኪረሳ ድረስ። ወርቅዬ፣ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። ሽማግሌያችን ወንድም በዛብህ መነጽራቸውን አውልቀው አለቀሱ። አበዛሽ እንኳ አለቀሰች፤ ሻርፗን ነክሳ ሳያት ነፍሴ ረካች።

ሌላም አለ። ፋብሪካው ለመንግሥት ወደሚሠራ ሥራ ሊያዛውረው ነው። ምን እንደሆነ ብጠይቀው "ማሚ፣ ልነግርሽ አልችልም" አለኝ። የማይነገር ሥራ የሚሠራ ልጅ ማን አለው? አበዛሽ የላትም።

አንቺው እናኑ

---

ሮማ
ማርች 19 ቀን 1986

ለእትዬ እናኑ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት። ሰባት ዓመት? የወተት ጥርሱ ሲወልቅ ጽፈሽልኛል። የጫማው ቁጥር ሲጨምር፣ ሽልማት ሲያገኝ፣ ድምፁ ሲጎረንን ጽፈሽልኛል። ሐሺሹን የት አስቀምጠሽው ነው? ታሞ ነበር? ታስሮ ነበር? ስልክ ስደውል "ጥናት ላይ ነው" ያልሽኝ ጊዜ ሁሉ የት ነበር?

ሮም ይዘሽው የመጣሽ ጊዜ እኔን በስሜ፣ አንቺን "ማሚ" ሲል ሰምቼ ዝም ያልኩት፣ ደህና አድርጋ ይዛዋለች፣ ይገባታል ብዬ ነው። እኔ የሰው ልጅ እያጠብኩና እያበላሁ የራሴን ባንቺ እጅ ያኖርኩት ለዚህ ነው?

የእናቱን ስም ረሳሁ ሲል ሰው አለቀሰ አልሽኝ። እኔ አላለቀስኩም። ስሜ ወርቅዬ ነው፤ ንገሪልኝ።

እህትሽ ወርቅዬ

---

ቡሪየን
ሜይ 11 ቀን 1986

እህቴ ወርቅዬ፣

ዘመድኩን ደብዳቤሽን ካነበበ በኋላ "ይሄን ሳትመልሺ እህል እንዳትቀምሺ" ስላለኝ፣ ምሳዬን ሳልበላ ነው የምጽፍልሽ። በመጀመሪያ ተረጋጊልኝ። አልታመመም፣ አልታሰረም። ነገሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው። በፈረንጆቹ ሰባ ዘጠኝ፣ የዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት ውስጥ፣ አብሮት የሚያድር የፈረንጅ ልጅ ሰጥቶት። አስሎት ተወው። አለቀ። ሰባቱ ዓመት አነጋገር ነው። ምስክርነት ላይ "ትንሽ ቀመስኩና ተውኩ" አይባልም፤ የጌታ ሥራ እንዲጎላ ጨለማው መጥቆር አለበት። ሁሉም እንዲህ ነው የሚናገረው። ሰለሞንስ ብትዪ፣ አንድ ጠርሙስ ዊስኪ የጨረሰ አይመስለኝም።

አሁን የኔን ስሚልኝ፤ እኔም ተቃጥያለሁ።

ያ ሥራ ክሊራንስ የሚባል ነገር ይፈልጋል። የመንግሥትን ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ለዚያ ሲባል ልጁን ከነታሪኩ ይመረምሩታል፦ የት ኖረ፣ ከማን ጋር ዋለ፣ ሐሺሽ ነክቶ ያውቃል ወይ። ጳውሎስ ያንን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይደብቅ ጽፏል። ከዚያ የሚያውቁትን ሰዎች ስም ስጥ ይሉታል። ማንን ቢሰጥ ጥሩ ነው? ጽገወይኒን።

ጽገወይኒ ማለት ሾርላይን በሚባለው ሰፈር ምድር ቤቷን ያከራየችው ሴት ናት። አሥመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች። ክፉ አይደለችም፣ ስሟን አላጠፋም። ግን ያሳደግኩት እኔ፣ አፍንጫውን የጠረግኩት እኔ፣ ለመንግሥት የሚጠራው ስም የሷ? ብጠይቀው "ማሚ፣ ዘመድ አይቻልም" አለኝ። አላመንኩትም። መርማሪው ግራጫ ሱፍ ለብሶ ደጇ ላይ መኪናውን ፓርክ ሲያደርግ ሰፈር አየ። እሷም ያንኑ ቀን ለምታውቃቸው ሁሉ ኮል አድርጋ ነገረች። ቀጥሎ ወንድም በዛብህ ተጠየቁ። ቀጥሎ አበዛሽ። አበዛሽ እንኳ። እሑድ ዕለት እሷና በዛብህ የተናገሩትን ሲያወሩ እኔ ወንበር እያጣጠፍኩ አዳምጥ ነበር።

እኔ ደግሞ ይመጣል ብዬ መጋረጃ አጠብኩ፣ ለፈረንጅ የሚሆን ኬክ ገዝቼ አስቀመጥኩ። አልመጣም። ኬኩን ዘመድኩን በላው።

ዛሬ እዚህ የእናቶች ቀን ነው። ጳውሎስ ማልዶ አበባ አምጥቶልኛል፣ ቢጫ። ሾርላይን ሄጄ ሳይ ግን የጽገወይኒም ጠረጴዛ ላይ አለ፣ ያውም ቀይ፣ ከኔው የሚረዝም። ይሄን ለማን ልንገር? ላንቺ እንጂ።

እናኑ

---

ቡሪየን
ጁላይ 20 ቀን 1986

ወርቅዬ፣

ስልኩን ጆሮሽ ላይ መዝጋቴ በድሎሻል፣ ይቅር በዪኝ። ጳውሎስን አቅርቢልኝ ስትዪ ቤት አልነበረም። አለ ብዬ ልዋሽሽ አልፈለግሁም፣ የለም ብዬም የት ሄደ ስትዪኝ የምመልሰው አልነበረኝም። እዚህ ቤት መምጣት አቁሞ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ወንድም በዛብህ ለመርማሪው ሲናገሩ ልጁን ያመሰገኑ መስሏቸው ነው። በልጃቸው አስተርጓሚነት "ሰባት ዓመት ሙሉ የሐሺሽ ባሪያ ነበር፣ ዛሬ ግን ተመልከተው" አሉት። አበዛሽም ያንኑ፣ እንዲያውም እንባ ጨምራበት። ሰውየው ሲጽፍ ደስ አላቸው፤ የጌታ ሥራ መንግሥት ቤት ሊገባ ነው ብለው። ልጁ በእጁ የጻፈው ሁለት ሦስት ጊዜ ነው፣ የገዛ ወገኖቹ የሚሉት ሰባት ዓመት። ታዲያ መንግሥት ማንን ይመን? ጠርተው አፋጠጡት። በሰባት ዓመት ላይ ዋሽቶ ከሆነ ፈቃዱ ቀረ ማለት ነው። ፈቃዱ ከቀረ ደግሞ ያሁኑም ሥራው አይተርፍም፤ ክፍላቸው በሙሉ ወደዚያው ተዛውሯል። ውሸታም የሚል ስም ይዞ ሌላ ፋብሪካስ ማን ይቀጥረዋል?

ማታ መጣ። ኮቱን ሳያወልቅ፣ ለጉባኤው ስንት ጊዜ ብዬ እንደነገርኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ የሠራሁለትን ምግብ አየው፣ ወጣ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንድም በዛብህ ሁለተኛ ሲጠየቁ "እኛ የሰማነው ከአስተርጓሚዋ ነው፣ እሷን ጠይቁ" አሉ። ልክ ናቸው፣ አልቀየምም። በመጨረሻ እኔም ተጠራሁ፤ ስቋምጥለት የነበረው ነገር መጣልኝ። ከተማ ውስጥ፣ መስኮቱ የማይከፈት ቢሮ። ያ ግራጫ ሱፍ። ሲያዩት ልጅ እግር ነው፣ የጋብቻ ቀለበት አድርጓል፣ ውሃ ሰጠኝ። አስተርጓሚ እንጥራልሽ ሲለኝ አስቢው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። አይ፣ ራሴው እናገራለሁ አልኩት።

ጳውሎስ በዚያን ዕለት ስንት ጊዜ አለ ብሎ ጠየቀኝ።

"እሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው ያለው" አልኩት። "የቀረውን ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ማንም አላለቀሰም ነበር።"

ብዕሩን አቆመ። የገባው አልመሰለኝም፤ ፈረንጅ ነው። እንደገና ስነግረው የአበዛሽን ነገር፣ የወንበሩን ነገር፣ የሻርፑን ነገር ሁሉ ዘረዘርኩለት። እሱም ሁሉንም ጻፈ። ወርቅዬ፣ ቅናቴ በመንግሥት ወረቀት ተጽፎ፣ ፈረምኩበት።

ከመውጣቴ በፊት ሐሺሽ የነካ ሁሉ ይከለከላል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። እንደዚያ አይደለም አለኝ። ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ስንት ዓመት እንዳለፈው፣ ፈጽሞ ትቶት እንደሆነ ይታያል። በተማሪነት የተሞከረና የቀረ ነገር ብቻውን ሰው አይጥልም። ክፉው መደበቅ ነው አለኝ። ልጄ አልደበቀም፣ እኔ ነኝ ስሙን ያበላሸሁት ስለው፣ ያንን የሚወስነው ሌላ ሰው ነው አለኝ። መቼ ይወስናል? አያውቅም።

አሁን ጳውሎስ ፋብሪካው ውስጥ ብቻውን አንድ ክፍል ተሰጥቶት፣ ሥራ ሳይኖረው እየዋለ ይመለሳል። ለዘመድኩን ነው የነገረው፣ ለኔ አይደለም።

ጸልዪልን። በኔ ላይ ያለሽን ሁሉ ለሌላ ጊዜ አቆዪልኝ።

እናኑ

---

ሮማ
ኦገስት 5 ቀን 1986

እትዬ፣

ጸልዬላችኋለሁ። በሱ ላይ ምንም የለኝም፤ ሥራው ይጽናለት።

ላንቺ ግን አላቆይም። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ልጄን በስልክ ባናገርኩ ቁጥር መሐል ላይ ነበርሽ። እኔ ተናግሬ ላንቺ እሰጣለሁ፣ አንቺ ለሱ። እሱ ይናገራል፣ አንቺ ለኔ። ሃያ ዓመት ሊሆነን ነው እንዲህ ስንነጋገር።

የእናቴን ስም ረሳሁ ያለው እሱ ነው ወይስ አንቺ?

ሮም የመጣችሁ ጊዜ፣ ባቡር ጣቢያው ላይ እጄን ይዞ፣ "እማዬ፣ አንድ ቀንም ተቀይሜሽ አላውቅም" አለ ብለሽ ነገርሽኝ። እኔ እስካሁን የኖርኩት በዚያ ቃል ነው። ጠዋት ስነሣ እሱን ነው የምለብሰው። ያኔ እሱ ሲናገር አፉን እያየሁት ነበር፤ አጭር ነገር ነው የተናገረው። አንቺ ያልሽው ረዥም ነበር።

እሱ ምን አለ? ምስክርነት አልጠየቅኩሽም። ያለውን ብቻ።

በጉባኤውስ ፊት ተነሥተሽ ተናገርሽ ወይስ ለፈረንጁ ብቻ ነው?

ወርቅዬ

---

ቡሪየን
ኦክቶበር 19 ቀን 1986

እህቴ ወርቅዬ፣

ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልሽ መቆየቴ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ዛሬ ግን የምሥራች ስላለኝ ደፈርኩ፦ ተፈቀደለት። ክሊራንሱ ሐሙስ ዕለት መጣ። ያ አብሮት የሚያድር የነበረ ልጅ እንኳ ኦሪገን ድረስ ተፈልጎ ተጠይቆ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው፣ ሲያስለውም አስቆኛል ብሏል አሉ። ጌታ ያንን ፈረንጅ ይባርከው። ዘመድኩን ከፓርኪንጉ ዳስ ወጥቶ ዘለለ፤ የሥራ ባልደረቦቹ ሎተሪ የደረሰው መስሏቸዋል።

ለጉባኤው ለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ ተናግሬያለሁ። ለፈረንጁ በፈረምኩ በሁለተኛው እሑድ ተነሣሁ። ሰባቱን ዓመት የጨመርኩት እኔ ነኝ አልኩ። ማንም አላለቀሰም፣ ማንም አሜን አላለም፤ አንድ ሕፃን ብቻ ብስኩት ሲያኝክ ይሰማ ነበር። ወንድም በዛብህ በጉባኤው ፊት እጄን ጨበጡኝ። ማስተርጎሙን ግን ዘንድሮ እንግሊዝኛ ተማርኩ ላለችው ለአበዛሽ ሰጧት። ስታስተረጉም ብትሰሚያት፤ ሰው ስለ ልጁ ሞት እየተናገረ እሷ የአውቶቡስ ሰዓት የምታነብ ነው የሚመስለው። አንዲት ቃል አትጨምርም። ሰዉ "እህት አበዛሽ ታማኝ ናት" ይላታል። እኔም እላታለሁ፣ ጥርሴን ነክሼ።

ጳውሎስ እንደገና ይመጣል፣ ይበላል፣ ስሞኝም ይሄዳል። ሥራውን አይነግረኝም፣ አልጠይቀውም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጽገወይኒ ጋር በር ዘግተው ይውላሉ። ምን ትሠራላችሁ ብለው ይስቃል። ይሄ እንኳ የመንግሥት ምስጢር ነው?

ለዋናው ጥያቄሽ። የእናቱን ስም ረሳ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ስምሽን አልረሳም፣ አላነሣም። ይህን ስጽፍ ፊትሽ ይታየኛል።

የሮሙን ግን እውነት አላስታውሰውም። ጣቢያው ይጮህ ነበር፣ አንቺ ታለቅሺ ነበር፣ እኔም አለቅስ ነበር። እሱ አንድ ነገር አለ። ደህና ነገር ነው። መጥፎ አልነበረም። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ፤ አሁን የምልሽን ሁሉ ራሴም ማመን አቅቶኛል።

እናኑ

---

ሮማ
ኖቬምበር 23 ቀን 1986

ለእትዬ እናኑ፣

እንኳን ደስ ያለሽ። ደስታሽ ደስታዬ ነው፤ ይህን ከልቤ ነው የምልሽ።

ባለፈው ቅዳሜ ሲኞራን አስተኝቼ ወጥ ቤት ሳለሁ ስልክ ጮኸ። ሴት ድምፅ ነው ያነጋገረኝ። ጽገወይኒ እባላለሁ አለችኝ፣ ጤናዬን ጠየቀችኝ፣ "ልጅዎ ሊያነጋግርዎት ይፈልጋል፣ እኔ ወጥቻለሁ" ብላ ስልኩን ሰጠችው። ስትወጣ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ።

በአማርኛ ነው የተናገረው። ቅዳሜ ቅዳሜ በር ዘግተው ሲሠሩ የከረሙት እሱን ነው። ፋብሪካው ውስጥ ያለ ሥራ ያስቀመጡት ጊዜም ቃል ሲያጠና ነበር የሚውለው። እንደ እግር ተከል ሕፃን ነው፣ ቃሉን ይፈልገዋል፣ ሲያገኘው ይደግመዋል። አነጋገሩ የትግርኛ ቃና አለው፤ "ቀ"ን ከጉሮሮው ያወጣታል። ልጄን ቋንቋዬን የሰው ሴት አስተማረችልኝ። ቀናሁባት? ቀናሁባት። አንቺም አሁን ይህን ስታነቢ እንደምትቃጠዪ አውቃለሁ፣ ትንሽም ደስ ብሎኛል፤ ይቅር በዪኝ።

ብዙ አላወራንም። ዝም የምንልበት ይበዛ ነበር፣ ዝምታውንም ማንም አልሞላልንም። በመጨረሻ ጣቢያው ላይ ምን እንዳለኝ ጠየቅሁት። አስታወሰው። በእንግሊዝኛ ያለውን ቀስ ብሎ፣ እየቆመ፣ በአማርኛ ነገረኝ። አንቺ ያልሽው አይደለም። ከሱ በጣም ያጠረ ነው።

ምን እንደሆነ አልጽፍልሽም፤ ታሳምሪዋለሽ።

እህትሽ ወርቅዬ